ላይኛው ጠባሳ የሲስተር ሠርክአዲስ፣ ታችኛው የኔ

በቡሬ እህል ገበያ የጆንያ አፍ ስሰፋ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ስለ መርፌና ስለ ክር ለኔ የሚነግረኝ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሲስተር ሠርክአዲስን ያወቅኋቸው ሆዴ ተቀዶ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ ወዲያና ወዲህ ቢል ይቅር በሉኝ። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ስለ እሳቸው ዝም ብዬ ብቀር ግን ውስጤ እሺ አላለኝም።

ነገሩ የሆነው ዓምና በሁዳዴ፣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ፈስ እንኳ እምቢ አለኝ፤ ነውር ከሆነ ይቅርታ፣ ሐኪሙም መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነው። ባለቤቴ ስንዱ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ፤ እነሱ ደግሞ በአምቡላንስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ላኩኝ። ዶክተር አሸናፊ የሚባል ወጣት ሐኪም ሆዴን ዳሰሰና፣ «አንጀትህ ተጠምዝዟል፤ አሁኑኑ መከፈት አለበት» አለ።

ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብተው ጠባብ አልጋ ላይ አጋደሙኝ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ አፍና አፍንጫቸው የተሸፈነ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ፣ መጥተው ጎንበስ አሉ።

«ስምህ ማነው ወንድሜ?»

«ገደፋው።»

«ሥራህስ?»

«ጆንያ ሰፊ ነኝ።»

ዓይናቸው ሳቀ። «እንግዲያማ ባልደረቦች ነን። እኔ ሠርክአዲስ እባላለሁ። መርፌና ክር አቀባይ ነኝ። ስንት መርፌ እንደገባ እቆጥራለሁ፤ ያንኑ ያህል መውጣቱን ሳልቆጥር ሆድህ አይዘጋም። አትስጋ።»

ከዚያ በኋላ የማውቀው ነገር የለም።

ስነቃ ከደረቴ በታች እስከ እምብርቴ ማዶ ፋሻ ነበር። ስንዱ ከአጠገቤ ቁጭ ብላለች። በሁለቱም የአፍንጫዬ ቀዳዳ ጤና አዳም ወትፋብኛለች። የተቀደደ ሰው ሽታ ይመታዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል ይባል የለ፤ እኛ ሰፈር ቁስል ያለበት ሰው ዘይት ሲጠበስ ወይም ሽቶ የተቀባ ሰው ሲያልፍ እንዳይሸተው አፍንጫው ይደፈናል። እኔም ደስ ብሎኝ ተደፈንኩ።

ሲስተር ሠርክአዲስ በሦስተኛው ቀን መጡ። የተኛሁበት ክፍል የሳቸው ሥራ አይደለም። ነርሶቹን ብጠይቅ፣ «ሲስተር እንዲህ ናቸው። ዶክተሩ ሆድን ይሰፋል፤ ቆዳውን ለሳቸው ይተውላቸዋል። የሰፉትን ቆዳ መጥተው ሳያዩ አይቀሩም» አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው አሉ።

ተማሪዎች አስከትለው ነበር። በጾሙ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ስለተዘጋ የሚለማመዱበት የበግ ቆዳ ጠፍቶ፣ ያንን ሰሞን ተማሪዎቹ የሚሰፉት የሙዝ ልጣጭ ነበር። ፀደይ የምትባለዋ ተማሪ ልጣጩን በሳሕን ይዛለች። ሲስተር መርፌውን አሳዩኝ። እንደ ጨረቃ የጎበጠ፣ ቀዳዳ የሌለው መርፌ! ክሩ ከራሱ ከመርፌው ጭራ የበቀለ ይመስላል።

«ክሩ በየት ገባ?» አልኩ፣ ሳላስበው።

«ፋብሪካ ነው አብሮ የሚያጣብቀው። ቀዳዳ ያለው መርፌ ክሩን አጥፎ ስለሚያልፍ ሥጋውን በሰፊው ይቀደዋል። ይኼ ግን ክሩና መርፌው እኩል ናቸው፤ ሲያልፍ ብዙ አይጎዳም። እስቲ ሞክረው።»

በመቀስ መሳይ መያዣ መርፌውን አስያዙኝ። እኔ ጆንያ ሰፊው ገደፋው፣ ተማሪዎቹ እያዩኝ፣ የሙዝ ልጣጩን ሰፋሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ ሳብ፣ ጥብቅ! ልጣጩ ከሁለት ተተረተረ።

ፀደይ ሳቀች። ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ፣ እግራቸው ተሰብሮ ከሽንዲ የመጡት አያ ባምላኩ፣ «አይ ገደፋው! በቆሎ የሚፈስብህ መሰለህ?» አሉ።

አፈርኩ። «ጥብቅ ቢል አይሻልም?» አልኩ።

«ጆንያ ደም የለውም» አሉ ሲስተር ሳይስቁ። «ሥጋ ግን ደም ይሻል። አጥብቀህ ካነቅከው ዳርና ዳሩ ይሞታል። የሚያድንህ ክሩ አይደለም፤ ክሩ የሚያደርገው ሁለቱን የቁስል ከንፈር ማቀራረብ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰውነትህ ቁስሉን ያጸዳል፤ ያኔ ቀላና አበጠ ብለህ አትደንግጥ። ከዚያ አዲስ ሥጋ ይሠራል። ለመሥሪያው ደግሞ ምግብ ይፈልጋል። እንቁላል፣ ወተት፣ ያገኘኸውን ብላ። ትበላለህ?»

«እሺ» አልኩ።

ዋሸሁ። ሞት አፋፍ ደርሼ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ የመለሰኝን አምላክ በሁዳዴ እንቁላል በልቼ ላመስግነው? አልኩ በልቤ። ስንዱ ከዘመድ ቤት በየቀኑ ሁለት ቅቅል እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ታመጣለች። «ኋላ እበላዋለሁ» እላታለሁ፤ አምናኝ ትሄዳለች። ወተቱን ደፋሁት። እንቁላል መጣል ግን አልሆነልኝም፤ ለፋሲካ ይሆናል ብዬ አልጋው ሥር ባለችው ቦርሳዬ ውስጥ በፌስታል ማስቀመጥ ጀመርኩ። ነርሶቹ «በላህ?» ሲሉኝ «በላሁ» እላለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም ነበር።

በስምንተኛው ቀን የስፌቱ ታችኛ ጫፍ እርጥበት አወጣ። በዘጠነኛው ከንፈሩ ተላቀቀ። በአሥረኛው ቀን ደግሞ ክፍሉ መሽተት ጀመረ። እኔ በጤና አዳሙ ምክንያት አይሸተኝም፤ ግን ሰዎቹ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሲወስዱ አያለሁ። የአንዱ በሽተኛ አስታማሚ፣ «አልጋችንን ወደዚያ አዙሩልን» ብላ ነርሷን ስትለምን ሰማሁ። አያ ባምላኩ እንኳ መቀለድ ተዉ። ስንዱ ወደ ደጅ ወጥታ ዓይኗን ጠርጋ ተመለሰች።

ዶክተር አሸናፊ መጥቶ አየው። «ውስጡ ያመረቀዘ ይመስላል። የውስጡ ስፌት ለቆ ከሆነ ድጋሚ መክፈት ነው። ነገ ጠዋት» አለ። ወደ በሩ ሲሄድ ለነርሷ ዝግ ብሎ፣ «አቅሙ ግን ያሳስበኛል። ከስቷል» ሲላት ሰማሁት። ድጋሚ ተከፍቼ እንደማልነሣ ያን ጊዜ ገባኝ። ስንዱን ማየት አቃተኝ።

ሲስተር ሠርክአዲስ ከኦፕራሲዮን ክፍል እንደወጡ፣ በዚያው ኮፍያቸው መጡ። ዶክተሩም ተመልሶ አብሯቸው ገባ፤ ፀደይ ከኋላ። እጃቸውን ታጥበው፣ ጓንት አድርገው፣ ፋሻውን ገለጡ። ከዚያ ማንም ያላደረገውን አደረጉ። ፊታቸውን ወደ ቁስሉ አስጠግተው አሸተቱ። አንድ ጊዜ። ደግመው።

«ዶክተር» አሉ ቀና ብለው፣ «ይኼ ቁስል አይሸትም።»

«እንዴት አይሸትም ሲስተር? ክፍሉ እኮ...»

«ክፍሉ ይሸታል። ቁስሉ አይሸትም።» ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያሸተቱ፣ ጎንበስ አሉ። ጓንታቸውን አውልቀው ቦርሳዋን ከአልጋው ሥር ጎትተው ከፈቱ።

ምን ልበላችሁ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ ነበር። አሥራ አራት ቅቅል እንቁላል! በፍኖተ ሰላም ሙቀት!

«ኧረ የማርያም ያለህ!» ብለው አያ ባምላኩ አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ሰውየው ሊሞት ነው ብዬ ስጸልይ ሰነበትኩ፣ ለካ የዶሮ ቤት ከፍቶ ነው!»

ስንዱ አፏን ይዛ ቀረች። «ገደፋው! በላሁ አላልከኝም?»

ሲስተር ግን አልሳቁም፤ አልተቆጡም። እጃቸውን እንደገና ታጥበው፣ አዲስ ጓንት አጥልቀው፣ ከታች የነበሩትን ሦስት ስፌቶች ፈቱ። የተጠራቀመው ውኃ ወጣ። በጣታቸው ቀስ ብለው ውስጡን ዳሰሱ።

«የውስጡ ስፌት አለ። አልለቀቀም። እስቲ እርስዎም ይዩት።»

ዶክተሩ ጓንት አድርጎ ዳሰሰ። «አዎ፣ ይዟል» አለ።

«ይኼ ሰው ያጣው ምግብ ነው። አምስት ቀን ይስጡኝ። በአምስት ቀን አዲስ ሥጋ ካልታየ ይክፈቱት።»

ዶክተሩ ጓንቱን አወለቀ። «በየቀኑ አየዋለሁ። ትኩሳት ከመጣ ግን አልጠብቅም።»

«እሱማ እኔም አልጠብቅም» አሉ ሲስተር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የንስሐ አባትህ ማናቸው? ስልካቸው አለህ?»

ስንዱ ነበራት። አባ ክንፈሚካኤል ቡሬ ሆነው አነሡ። ሲስተር ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አባ፣ ከፍኖተ ሰላም ነው የምደውለው፣ ነርስ ነኝ። ልጅዎ ገደፋው ሆዱ ተቀዶ ተኝቷል።»

«ሰምቻለሁ። ተሻለው?»

«እየጾመ ነው።»

«ማን ፈቅዶለት ነው የሚጾመው? ስጪኝ እስቲ። ገደፋው!»

«አቤት አባ።»

«ስትታመም ልከህ ጠይቀኸኛል?»

«አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ይኼ ያንተ የግል ጾም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ይህን አላዘዘችም። ፈትቼሃለሁ። ዛሬውኑ ብላ። ስትድን የምትሰግደውን ስግደት እኔ እነግርሃለሁ፣ እሱን አታመልጠኝም።»

«አባ፣ እኔንም ይፍቱኝ!» ብለው አያ ባምላኩ ጮኹ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?»

«ጎረቤቱ ነኝ! እግሬ ነው የተሰበረ!»

«የራስህን አባት ጠይቅ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ስፌቴን በሁለት እጄ ደግፌ ሳቅሁ፤ ሲስተር እንዲያ እንድይዝ አስተምረውኝ ነበር።

ስንዱ ሮጣ ትኩስ እንቁላል አመጣች። ሲስተር ተቀብለው ራሳቸው ላጡልኝ። ጊዜው ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ኦፕራሲዮን ላይ ቆመው እንደዋሉ ፀደይ ነግራኛለች።

«እርስዎስ? በሉ ወይ?» አልኩ።

«እኔ ሆዴ ላይ ስፌት የለብኝም» አሉና እንቁላሉን በእጄ አስያዙኝ። እሳቸው ጾመኛ ነበሩ። ያን እንቁላል ስበላ የተሰማኝን ነገር መጻፍ አልችልበትም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየመጡ ቁስሉን በጨው ውኃ አጥበው፣ ጎዝ የሚሉትን ስስ ጨርቅ አርጥበው በውስጡ እየጎዘጎዙ ሳይሰፉት ተዉት። እኔ ቶሎ እንዲሰፉት ነበር የምፈልገው። ሲጎዘጉዙ ስለ አባታቸው ነገሩኝ። ፈረስ ቤት በሚባል አገር ገበሬ ነበሩ፤ ክንዱ ይባላሉ። እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያ እግራቸውን አገኘው። «ላዩ ቶሎ ደረቀ። እልል ተባለ። ታቹ ግን እያበጠ ነበር። እግሩን አጣው። ቁስል ላዩን አይቶ ዳነ የሚል ሰው ያን ጊዜ ነው የጠላሁት» አሉ። «ያንተ ከታች ወደ ላይ ይሙላ።»

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። «እርጥብ በቆሎም እንዲሁ ነው» አልኩ። «ገበሬው ቸኩሎ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ከቶ ስፋልኝ ይለኛል። አፉ አምሮ ይሰፋል። በወሩ ስትፈታው ውስጡ ሻግቷል። እኔ እርጥብ እህል አልሰፋም።»

ሲስተር እጃቸውን አቆሙ። «ፀደይ፣ ሌሎቹን ጥሪያቸው» አሉ። ስድስቱ ተማሪዎች ሲመጡ፣ «ገደፋው፣ አሁን ያልከውን ድገምላቸው» አሉኝ። ላብ አጠመቀኝ። ግን ደገምኩት። አንዱ ተማሪ በደብተሩ ጻፈው። እኔ የተናገርኩት ነገር ሲጻፍ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

በአምስተኛው ቀን ዶክተር አሸናፊ ጎዙን አነሣ። ስንዱ ግድግዳው ሥር ቆማ ትጸልያለች። ሲስተር እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

«ኑ እዩ» አለ ዶክተሩ ለተማሪዎቹ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁ። ከውስጥ ቀይ፣ ጥቃቅን፣ እንደ እንጆሪ ፍሬ የሆነ ሥጋ ከታች ተነሥቷል። «አንከፍተውም» አለ። ስንዱ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ነርሷ ዝም በይ ብትላትም አልሰማችም።

ከፍ ብለው የነበሩትን ስፌቶች የፈቱልኝም ሲስተር ናቸው። ክሩን ከቋጠሮው ሥር፣ ቆዳው ጥግ ላይ ነው የሚቆርጡት፤ ውጭ የከረመው የቆሸሸ ክር በሥጋው ውስጥ እንዳያልፍ። «ባልደረባዬ፣ ቁጠር» አሉኝ፤ አብረን ቆጠርን። አሥራ አንድ።

ለሆሣዕና ቤቴ ገባሁ። ጆንያ እንዳላነሣ ስለከለከሉኝ ለብዙ ወራት ሌላ ሰው እያነሣልኝ ቁጭ ብዬ ሰፋሁ። አባም ቃላቸውን አልረሱም፤ ስግደቱን ለማስጀመር ግን ሲስተር ፈቃድ እስኪሰጡ ጠበቁ።

አሁን ሸሚዜን ስገልጥ ጠባሳዬ ሁለት ዓይነት ነው። ላይኛው ቀጭን፣ እንደ ፀጉር፣ አይታይም ማለት ይቻላል። እሱ የሲስተር ሠርክአዲስ ስፌት ነው። ታችኛው ሦስት ጣት የሚሆነው ሰፊና የተጨማደደ ነው። እሱ የኔ ነው፤ የአሥራ አራቱ እንቁላል። ገበያ ላይ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ ድሮ ብሆን እሸፍነው ነበር። አሁን ላይኛውን አስቀድሜ አሳየዋለሁ።