ስድስት ጊዜ የተሸጠው ይገዙ

ልዕልት የማስታወቂያ ድርጅቷን የጀመረችው በመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ወረቀት ጭና ነበር። ዛሬ በሰው አገር፣ ስኮትዴል ከተማ ቢሮ አላት፤ እስከ ጎረቤት ከተማው ኖርክሮስ ድረስ የሐበሻ ሱቅ ሲከፈት መጀመሪያ የሚደወለው ለሷ ነው። ድርጅቱን ስመ ጥር ያደረገው ግን ባነር የሚሰቅለው ይገዙ ነው፤ ያውም ተሳስቶ።

ይገዙ ትምህርት ያቆመው ከሦስተኛ ክፍል ነው። ይህን ሰው እንዲያውቅበት አይፈልግም። አንብብ ሲባል «መነጽሬን ረስቼ» ይላል። መነጽር ኖሮት አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጽሑፍ የምትሠራው ኤልዳና ቀረች። የሐጂ ጁነዲን የሶፋ ሱቅ ባነር ደግሞ የዚያኑ ቀን መሰቀል ነበረበት። ልዕልት ደውላ፣ አጭር ናት፣ «ከኛ ሶፋ ይግዙ» ብለህ ታይፕ አድርገህ ፕሪንት አድርጋት አለችው። መነጽሬን ቢላት ሥራው የሚቀርበት መሰለውና እሺ አለ። «ከኛ ሶፋ» የሚለውን ከድሮ ባነር እያየ በመከራ ቀዳ። በቀረው ቦታ ላይ ጣቱ በዕድሜው ሙሉ ሳይሳሳት የሚጽፈውን አንድ ቃል ጻፈለት፤ የገዛ ስሙን።

«ከኛ ሶፋ ይገዙ» ተሰቀለ።

ሰኞ ኤልዳና ፎቶውን አይታ እስኪያማት ሳቀች። ልዕልት አልሳቀችም። ሄደህ አውርደው፣ ሐጂን ይቅርታ ጠይቃቸው፣ ስትመለስ እንነጋገራለን አለችው። ይገዙ «እንነጋገራለን» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ከመጋዘን ሥራው የተባረረው ተነጋግሮ ነው።

መሰላሉን አቁሞ ሁለት ደረጃ እንደወጣ ሐጂ ከሱቃቸው ብቅ አሉ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላወርደው ነው። ስህተት አለበት።»

«ንካውና መሰላሉን ከሥርህ እወስድልሃለሁ!»

ከቅዳሜ ጀምሮ የገባው ሁሉ ይገዙ የሚባለውን ሶፋ አሳዩን ይላቸው ኖሯል። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሦስተኛው ሰው ሲጠይቃቸው ሁለት ዓመት ዞር ብሎ ያየው ሰው ወዳልነበረው ቡናማ ሶፋ ወሰዱትና «ይኸውልህ፣ ይገዙ» አሉት። እስከ ሰኞ ስድስት ይገዙ ሄደ። አንዲት ሴትዮማ ከአቮንዴል እስቴትስ ደውላ፣ ይገዙ ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል ወይ ብላለች።

«ለመሆኑ ይሄን ስም ማን አወጣው?» አሉ ሐጂ።

ይገዙ መሰላሉን ጭብጥ አድርጎ ያዘ።

«አባቴ» አለ።

ሐጂ ባነሩን አዩ፣ እሱን አዩ፣ እንደገና ባነሩን አዩ።

«አንተው ነህ እንዴ ስድስቴ የሸጥኩህ?»

እዚያው ለልዕልት ደወሉና፣ ሁለተኛ ባነር እንደሚፈልጉ፣ ይሄ ሰው ካልጻፈው ግን እንደማይቀበሉ ነግረው ስልኩን ሰጡት። ይገዙ ተቀበላቸው።

«ልዕልት፣ እኔ እኮ መነጽር የለኝም» አለ።

«አውቃለሁ፤ ባነሩን ሳየው ነው የገባኝ። ከምሳ በኋላ ኤልዳና ታስጠናሃለች» አለችው። «ከሀሁ ነው የምትጀምሩት። ይገዙ የሚለውን ዝለሉት፣ እሱን ችለኸዋል።»