በጾም የጠበስኋት ተርኪ

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁት በነሐሴ ዝናብ ነው። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ፣ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ መስኮቱን ይዛ ቆመች። ያኔ አላለቀስሁም፤ ያለቀስሁት ካርቱም ከገባሁ በኋላ ነው። አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ካናዳ ደረስሁ።

እዚህ ብርዱን ቻልሁት፤ ያልቻልሁት ማርጋሬትን ነው። ባዝመንቷን፣ ማለትም ከቤቷ ሥር ያለውን ምድር ቤት ያከራየችኝ፣ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ኩሽናዋን ከለከለችኝ።

"የእናንተ ወጥ ሽታ መጋረጃዬ ላይ ይቀራል።"

"ታዲያ ምን ልብላ?"

"ሳንድዊች።"

ስምንት ወር ሙሉ፣ የቤቴ ሽሮ በዓይኔ እየዞረ፣ ቀዝቃዛ ዳቦ አኘክሁ።

የፈረንጅ ገና ሲቃረብ ማርጋሬት በረዶ አንሸራትቷት እጇን ተሰበረች። እንግዶች ጠርታለች፤ ተርኪ የምትባለው፣ ዶሮ የምትመስል ግን በግ የምታክል ወፍም ተገዝታለች። ቸግሯት ጠራችኝ።

"ተርኪዋን አንቺ ጥበሽልኝ። እንግዶቼ ከወደዱት ኩሽናው ያንቺም ይሆናል። ካበላሸሽው ግን ባዝመንቱንም ትለቂያለሽ።"

በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጠብኋት። አሥራ ሁለት ብልት ላወጣላት አንድ እግሯን እንደቆረጥሁ ማርጋሬት ደረሰች።

"ምን እያደረግሽ ነው? ሙሉዋን ነው የምትጠበሰው።"

"ሳትበለት? ለእንግዳ?"

በእኛ አገር ዶሮ ሳትበልት ያቀረበች ሴት መሳቂያ ናት። ምን ላድርግ፣ እግሯን በመርፌና በክር ሰፋሁት። እናቴ በሰው የላከችልኝን፣ በኮረሪማ የነጠረ ቅቤ ከቆዳዋ ሥር አስገብቼ ኦቨን ውስጥ ከተትኋት።

"ቅመሺው እንጂ" አለችኝ ማርጋሬት።

"የነቢያት ጾም ነው፣ አልቀምስም።"

"ታዲያ መጣፈጡን በምን ታውቂያለሽ?"

"ሽታው ይነግረኛል" አልኋት።

እንግዶቹ እስከ አጥንቷ ጋጧት። የማርጋሬት ወንድም ከጥርሱ መካከል ክር መዝዞ አየውና፣ ሣህኑን ድጋሚ ዘረጋ። ሲሄዱ ማርጋሬት በደህና እጇ ከኩሽናዋ አንድ መደርደሪያ ባዶ አደረገችልኝ። ከአገሬ ከወጣሁ እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፍቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ለእናቴ ደወልሁ።

"እማዬ፣ ኩሽና አገኘሁ" ብዬ ሁሉንም አጫወትኋት። በክሩ እስኪያማት ሳቀች። ጾሜን አለመግደፌን ስትሰማ መረቀችኝ።

"እንግዲህ ኩሽና ካለሽ ቤት አለሽ ማለት ነው፣ ልጀ" አለችኝ።

ወትሮ ስልክ ከመዝጋታችን በፊት "መቸ ነው የምትመጭ?" ትለኛለች። ያን ቀን አልጠየቀችኝም።