ስንጥቅ የማይተው ለሳኝ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲለስን ስለኖረ ሰፈሩ «ጋሽ ልስን» ይለዋል። እሱ የለሰነው ቤት ነፋስ አያስገባም፤ በግድግዳው አናትና በቆርቆሮው መካከል ያለችውን ክፍተት እንኳ ጥርቅም አድርጎ ይደፍናታል። በዚህች ሥራው ጉራውን ሲነዛ ለጉድ ነበር።

በራሱ ቤትማ ተጠቦበታል። ማብሰያዋ ጥግ ከመኝታው የምትለየው በመጋረጃ ብቻ ነው፤ ሚስቱ እዚያው በከሰል ታበስላለች። ሳል የጀመራት ቤቱ ተለስኖ ባለቀ በዓመቱ ነው። እሱ ግን ጥፋቱን ከሰሉ ላይ ጣለው። «እርጥብ ነው የሸጥክልኝ» ብሎ ከከሰል ሻጩ ጋር ተጣላ፤ ሌላ ያዘ፣ ከዚያኛውም ጋር ተኳረፈ። ምድጃ ቀየረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳውን ቀና ብሎ አላየውም! በሚኮራበት ሥራ ላይ እንከን የሚፈልግ ማን አለ?

አንድ ቀን የሚስቱ እህት ልትጠይቃት መጣች። ዓይኗን እየጠረገች ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች።

«ለመሆኑ ይሄ ጭስ በየት እንዲወጣ አስበህ ነው የደፈንከው?» አለችው።

እሱም ቀና ብሎ የገዛ ልስኑን አየ። በነጋታው መዶሻና መሮ ይዞ ከምድጃው በላይ አንድ ክንድ ያህል አፈረሰ። ጭሱ ተግተልትሎ ወጣ። ሚስቱ ቀለል አላት፤ ዳገት ስትወጣ ግን ዛሬም ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሐኪሙ ሳንባዋ እንደ ድሮው እንደማይሆን ቁርጡን ነግሯቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ልስን እረፍት የለውም። የደፈናቸውን ቤቶች እየዞረ «በነፃ ልክፈትላችሁ» ይላል፤ የሚሰማው ግን የለም። አንዱ ጎረምሳ «ሥራ ሲጠፋ የሠሩትን ማፍረስ ተጀመረ እንዴ?» ብሎ ሲያላግጥበት በንዴት በገነ።

ትናንት የአንዲት ልብስ ሰፊ በር አንኳኳ።

«እህቴ፣ ከምድጃሽ በላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ላውጣልሽ። ስሞትልሽ!»

«ምነው ጋሼ! ጎረቤት ሁሉ የሚቀናበትን ግድግዳ ልታበላሽብኝ? ባንተ እጅ አይደል እንዴ ከብርድ የተገላገልነው።»

ከውስጥ ሕፃን ሲስል ተሰማ፤ ትንፋሽ የሚያሳጣ፣ ማብቂያ የሌለው ሳል። ጋሽ ልስን ወደ በሩ ጠጋ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚስለው?» አላት።

«አዬ፣ ብርድ መትቶት ነው። ነፋስ እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው በሩን ገርበብ አድርጌ የቆምኩት» አለችና በሩን ግጥም አድርጋ ዘጋችው።