ጎረቤቴ የቀቡኝ ዘይት

ፀጉሬ እያለቀ መሆኑን ያመንኩት የሻወሬ ቧንቧ የተደፈነ ቀን ነው። የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ሽቦ ሰዶ ሲጎትት ቆይቶ ጥቁር የፀጉር ጥቅል አወጣና ላስቲክ ውስጥ ከተተው። እዚህ ቤት ስንት ሴት ይኖራል ብሎ እንዳይጠይቀኝ ፈርቼ ኩሽና ገባሁ። የምኖረው ብቻዬን ነበር።

ከባለቤቴ ከተለያየን ሁለት ዓመት አልፎናል። እሱ ሲወጣ እኔ እዚያው ስካርቦሮ በሚባለው የውጭ አገር ሰፈር ባለው አፓርትመንታችን ውስጥ ቀረሁ። የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ልብስ አጠባ ነው፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ብዙ ወሬ የለም። ሥራ ላይ የፀጉር መረብ፣ መንገድ ላይ ኮፍያ፣ ቤተ ክርስቲያን ነጠላ አደርጋለሁ። ስለዚህ መሳሳቱን ያወቀብኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ይህ እፎይታ ነበር። ቆይቶ ግን የሚያይልኝ ሰው አለመኖሩ ራሱ ይከብደኝ ጀመር።

ያዩት ከእኔ ሁለት በር አልፎ የሚኖሩ ሕንዳዊት አሮጊት ናቸው። ባላቸው ሞተው እሳቸውም ብቻቸውን ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ምድር ቤት ካለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ጎንበስ ብዬ ልብሴን ሳወጣ ሻሼ ተንሸራተተ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው፤ ግን ተግባባን።

«ፀጉርሽን ማነው ዘይት የሚቀባሽ?» አሉኝ።

«ማንም።»

ልብሴን አጣጥፌ እስክጨርስ ጠብቀው ቤታቸው ወሰዱኝ።

አያታቸው በአዩርቬዳ፣ በጥንቱ የሕንድ ሕክምና፣ የመንደሩን ሰው ያክሙ እንደነበር ነገሩኝ። በእሳቸው አባባል የሰው ተፈጥሮ ሦስት ዓይነት ነው፤ የእኔ የእሳቱ ነው። ጭንቀት ሲበዛ ሙቀቱ ወደ ራስ ይወጣና የፀጉርን ሥር ያቃጥላል። በርበሬ ቀንሺ፣ በባዶ ሆድ ቡና አትጠጪ፣ በጊዜ ተኚ አሉኝ። ከዚያ አምላ የሚባል ጎምዛዛ ፍሬና የደረቀ ቅጠል አፍልተውበት ያጠለሉትን የኮኮናት ዘይት ለብ አድርገው፣ እግራቸው ሥር ትራስ ላይ አስቀመጡኝ።

ጣታቸው አናቴ ላይ ሲያርፍ አለቀስኩ። የደም ግፊቴን ከምትለካኝ ነርስ በስተቀር ሰው ከነካኝ ስንት ጊዜ እንደሆነው ያኔ ነው ያሰብኩት። አይተዋል፤ ግን ማሸታቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የእሳቸው ሆነ። በመሃል ሐኪሜ ደሜን አስመርምራ ብረት እንዳነሰኝ ነገረችኝና ክኒን አዘዘችልኝ። ቅር እንዳይላቸው እየሰጋሁ ስነግራቸው፣ ክኒኑንም ዋጪ፣ ቅዳሜም ነይ አሉኝ። የበረዶው ክረምት ሲያልቅ መርገፉ ቀነሰ፤ ግንባሬ ዳር ለጋ ፀጉር ብቅ አለ። ክኒኑ ይሁን ዘይቱ አላውቅም። ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም።

በጋ ላይ አሮጊቷ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። ልጃቸው ብቻቸውን አይኖሩም ብሎ ብራምፕተን ወደሚባል ሌላ ከተማ ወደ ራሱ ቤት ወሰዳቸው። ስልክ እደውላለሁ፤ ነገር ግን የእጃቸው ምልክት ከሌለበት እንግሊዝኛቸው አይገባኝም፣ የእኔም አይገባቸውም። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ተባብለን እንዘጋለን።

መስከረም ላይ ሦስት ባስ ቀያይሬ ሄድኩ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። እሳቸው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። ወገባቸው ድረስ ይወርድ የነበረው ነጭ ፀጉራቸው አንገታቸው ላይ ተቆርጧል። ምራታቸው ትልቅ ኩባያ ሻይ ይዛ መጥታ፣ ለማጠብና ለማበጠር ስላስቸገረን ነው አለችኝ በትሕትና። ክፉ ሰው አይደለችም።

«ቀለለኝ» አሉኝ አሮጊቷ። እጃቸው ግን ጉንጉኑ ይወርድበት የነበረውን ትከሻቸውን ይዳስስ ነበር።

እጃቸውን ይዤ የማይገባኝን ድራማ አብሬያቸው ተመለከትኩ። ስነሳ የልጅ ልጆቻቸው ጫማ በሞላበት በር ላይ ቆመው ሸኙኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሲሄዱ የተዉልኝን ዘይት አሞቅኩና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ራሴን ቀባሁ። እጄ ቶሎ ደከመኝ።