ደጁ ግን የእኔ ነው

ይህ ነገር የደረሰብን ጣልያን ከአገራችን ሊወጣ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ ቡሬ ከተማ ውስጥ ነው። እኔ ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት መምህራችን «ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ሲያጋጥም ጸሐፊው ሳይጠይቅ ብዕሩን አያስኪድ» ብለው ሲያስተምሩን ብቻዬን ሳቅሁ። ለምን እንደ ሳቅሁ ጠየቁኝ። ደንግጬ ሳልመልስላቸው ቀረሁ። መልሱ ይኸው ነው።

ቤተሰባችን የቋሪት ሰው ነው፤ አገራችን ከገበዝ ማርያም ወረድ ብሎ ነው። በወረራው ጊዜ ቤታችን ተቃጠለ። አባቴ ሁለት ክረምት በዘመድ ቤት ካሳለፉ በኋላ «ከእንግዲህ የሰው ምሰሶ ተደግፌ አልኖርም» ብለው እናቴንና ሸጋ የምንላትን በቅሎአችንን ይዘው ቡሬ ገቡ። እኔ ያን ጊዜ ከከተማው ብዙ የማይርቅ ቅኔ ቤት ከገባሁ ገና ዓመቴ ነበር።

የተገኘችው ቤት ከደብሩ ግርጌ ባለው ሠፈር ነበረች። ሠፈሩ የቆየ ነው። ሰዉ ሁሉ ወይ በክርስትና ወይ በማኅበር የተዛመደ ስለሆነ፣ አዲስ መጪ እንዲሁ ዘው ብሎ አይገባበትም። ቤቷ ትንሽ ናት፤ የሳር ክዳኗ ጠቁሯል፤ የግድግዳዋ ጭቃ ተላልጧል። መዝጊያዋ ግን ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተጠረበ፣ ለትልቅ ሰው ቤት የሚበቃ ነበር። እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበስ አደረገችና «ትበቃናለች» አለች።

ባለቤቷ እማሆይ በላይነሽ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ትንሽ ጎጆ የተቀለሰችላቸው ሴት ናቸው። የጠየቁት ዋጋ ግራ የሚያጋባ ነበር።

«በቅሎዋን ከነጭነቷ» አሉ።

ጭነቱ ምን እንዲሆን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ «የገብስ ቆሎ» ብለው መለሱ።

አባቴ ወደ እናቴ ጠጋ ብለው «አፋቸው ውስጥ የቀረው ጥርስ ሁለት አይሞላም። ያን ሁሉ ቆሎ ማን ሊቆረጥመው ነው?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቋት።

«አንቱ ደግሞ! ምን ቸገረዎ? ቤቱን ይቀበሉ» አለቻቸው።

እናቴ ሦስት ቀን ገብስ ስትቆላ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ሦስት ሽማግሎች ባሉበት ውል ተጻፈ። ጸሐፊው እኔ ነበርሁ። አባቴም፣ እማሆይም፣ ሽማግሎቹም እንዲደሰቱብኝ ስለ ፈለግሁ፣ ከአፍ የወጣውን አንዲት ቃል ሳላስቀር እጽፍ ነበር።

እማሆይ እንዲህ አስጻፉኝ፦ «ቤቴን ከነምሰሶው፣ ከነማገሩ ሰጥቻለሁ። ደጁን ግን አልሸጥሁም። ደጁ የእኔ ነው።»

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆም አለ። ምን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ነገር ግን የቅኔ ተማሪ ሆኖ «አልገባኝም» ማለት አሳፈረኝና እንደ ተባልሁት ጻፍሁ። አባቴ ወዲያው ቀና ብለው የዋንዛውን መዝጊያ አዩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይስማማዎታል?» አሏቸው አንደኛው ሽማግሌ።

አባቴ ወደ እናቴ አዩ። እናቴ ቤቷን እያየች ነበር። «ይሁን» አሉ አባቴ።

ከሽማግሎቹ እንደ ተለየን ግን በእኔ ላይ ወረዱብኝ። «በዚህ ዘመን መዝጊያ የሌለው ቤት! ጅቡም ባንዳውም እንዳሻው ሊገባበት! ያችን ቃል ዘለል ብታደርጋት ምን ነበረበት? ስንት ዓመት ነው የተማርኸው?»

«አንድ» አልሁ።

«ያስታውቃል» አሉ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ደምበጫ መውጫ ላይ ለሚኖር አናጢ ሁለት ቀን ሙሉ ግንድ ሲጎትቱለት ዋሉ፤ እሱም በልዋጩ የጥድ መዝጊያ ሠራላቸው። ወደ ቤታችን በገባንበት ቅዳሜ ጠዋት ያን መዝጊያ በጀርባቸው አዝለው ዔሊ መስለው ሲመጡ፣ እማሆይ በላይነሽ ቀድመው ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠዋል።

«ቤቶች!» ብለው ተጣሩ እማሆይ፣ ልክ እንደ እንግዳ።

«ደጆች!» አለች እናቴ ከውስጥ፣ እንደ ወጉ።

«ይኸው ተስማማን» አሉ እማሆይ ደስ ብሏቸው። «እናንተ ቤቶች፣ እኔ ደጆች።»

አባቴ ከመዝጊያው ሥር ሆነው «እማሆይ፣ መዝጊያዎን ሊነቅሉ መጡ?» አሉ።

«የምን መዝጊያ?»

«ደጁ የእኔ ነው ብለው ያስጻፉትን ነዋ!»

«ኧረ በሞቴ! መዝጊያውን ምን ላድርገው? ያች ጎጆዬ እንኳን ይህን ልትሸከም የራሷን ክዳንም አልቻለች። እኔ ደጁን ነው ያልሁት። እዚችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ልሞቅ ብዬ ነው።»

አባቴ የጥዱን መዝጊያ ቀስ ብለው አወረዱና ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ ዞረው አዩኝ። «የቅኔ ተማሪ!» አሉ። ሽማግሎቹ ፊት ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማሆይ ጠዋት ጠዋት ከጸሎት መልስ «ቤቶች!» ይላሉ፤ እናቴ «ደጆች!» ትላለች። ያ ለእናቴ የማለዳ ሰላምታዋ ሆነ። እማሆይ የሚያልፈውን ሁሉ እያስቆሙ «ሰላም በላት እንጂ፣ የኔ ሰው ናት» ሲሉ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሠፈሩ እናቴን እንደ ተወላጅ ያያት ጀመር። አጠራረጓን ይነቅፉባታል፣ ወጧን ቀምሰው ጨው አነሰው ይላሉ። እናቷ በልጅነቷ የሞተችባት እናቴ ሲነቅፏት ደስ ይላት ነበር።

ነገር ግን ፀሐይ ልሞቅ ያሉት ሴት ፀሐይ በሌለበት ቀንም መምጣታቸውን አልተዉም። ፊታቸውም ሁልጊዜ ወደ ዓባይ ወደሚወስደው መንገድ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል እናቴ እጃቸውን ይዛ ወደ ውስጥ ልታስገባቸው ብትል እምቢ አሏት። እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ አብራቸው በዝናቡ መመታት ጀመረች። ያን ጊዜ በጆሮዋ ነገሯት።

አንድ ልጃቸው አያል ዱር ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል። ልጁ የሸፈተበት ቤት ይወረሳል ሲባል ሰምተው ነው ቤቱን የሸጡት። አያል ግን የሚያውቀው ይህን ደጅ ብቻ ነው። መጥቶ የማያውቀው ሰው ቢያገኝ ወይ ተመልሶ ይሄዳል፣ ወይ «እናቴ የት ገባች?» ብሎ ሲጠይቅ ይያዛል።

«ቤቱንስ ለሰው ሰጠሁት» አሏት። «ደጁን ግን ልጄ ይመጣበታል።»

እናቴ ስለ በቅሎዋና ስለ ቆሎው አልጠየቀችም። ጣልያን ከወጣ በኋላ የቅኔ መምህሬ ነገሩን ሰምተው «ሰሙን ጻፍህ፣ ወርቁ አመለጠህ» እያሉ ብዙ ጊዜ ሳቁብኝ።

የፈራነው ቀን የመጣው እኔ ለጾመ ፍልሰታ ቤት በነበርሁበት ጊዜ ነው። አንድ የጣልያን መኮንን ከአስተርጓሚው ጋር ቤት እየዞረ ሲመዘግብ ከእኛ ደጃፍ ደረሰ። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነበር። ቤቱ የመነኩሲቷ መሆኑን ሰምቶ ስለ መጣ፣ አባቴ ውሉን አውጥተው ሰጡት። እያነበበ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ደጁ የእኔ ነው፤ ይህ ምን ማለት ነው? ሸጣለች ወይስ አልሸጠችም? እዚህስ ተቀምጣ የምትጠብቀው ማንን ነው?»

የእማሆይ ጣት መቁጠሪያው ላይ ቀጥ አለ። እናቴ ከውስጥ ስትወጣ አየኋት፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ወደ ፊት ወጣሁ።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው» አልሁ። «ጸሐፊውም እኔ ነኝ። መዝጊያውን ማለታቸው ነበር፤ አጥርቼ አልጻፍሁትም። መዝጊያቸውን ይወስዱታል ብለው አባቴ ሌላ አሠሩ። ያውና።»

የጥዱ መዝጊያ አባቴ እንዳስደገፉት ነበር። አስተርጓሚው ለመኮንኑ ነገረው። መኮንኑ አንዴ የዋንዛውን፣ አንዴ የጥዱን አየና በአንድ ጎጆ ሁለት መዝጊያ መሆኑ አሳቀው። አስተርጓሚው ውሉን መለሰልኝ።

«ሁለተኛ ስትጽፍ አጥርተህ ጻፍ» አለኝ።

«እሺ ጌታዬ» አልሁት።

ሲርቁ አባቴ መጋዝ ተውሰው መጡ። የጥዱን መዝጊያ ቆርጠው አግዳሚ ወንበር ሠሩና ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። «እማሆይ፣ ለእርስዎ የመሰከረ እንጨት ነው፤ ይቀመጡበት» አሏቸው። እኔንም ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ «የቅኔ ተማሪ» ሳይሉ በስሜ ጠሩኝ።

ጣልያን ቡሬን ለቆ ከሄደ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ እማሆይ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ አግዳሚው ላይ ሆኜ እጽፍ ነበር። ጠጉሩ የተንጨፈረረ ሰው በቅሎ እየጎተተ መጥቶ ፊቴ ቆመ። እኔ ሰውየውን ስመለከት እናቴ ከውስጥ ብቅ ብላ በቅሎዋን አየች።

«ሸጋ!» ብላ ጮኸች። በቅሎዋ ሁለቱን ጆሮዎቿን ቀጥ አደረገች።

«ስሟን እንዴት አወቅሽ? ደግሞስ በቤታችን ምን ትሠራላችሁ?» አለ ሰውየው። እጁ ወደ ጠመንጃው አንገት ሄደ።

እኔ ሮጬ ውሉን አምጥቼ ሰጠሁት። አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እጁ ከጠመንጃው ወረደ፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ።

«በቅሎዋ ላይ ቆሎ ተጭኖ ሲደርሰን እናቴ ከየት አገኘችው ስል ነበር» አለ። «ቤቱ የእናንተ ነው።» ከዚያም አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ግባ ብላ ብትለምነው «እኔ እስከ ደጁ ነኝ» ብሎ እምቢ አለ።

እማሆይ በትራቸውን እየተመረኮዙ ከደብሩ ሲወርዱ ከሩቅ አዩት። አልጮኹም፣ አልሮጡም። እንደ ወትሮው ቀስ እያሉ መጡና ፊቱ ቆሙ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ቤታችን «ቤቶች!» አሉ።

እናቴ ታለቅስ ስለነበር መመለስ አልቻለችም። ከአግዳሚው ላይ አያል «ደጆች!» አላቸው።

እማሆይ አንገቱን አቅፈው ብዙ ቆዩ። በኋላ በእንባቸው መካከል ወደ እኔ ዞረው «አየህ ልጄ፣ ደጁንም ሸጬው ቢሆን የት ይቀመጥልኝ ነበር?» አሉኝ።

መምህራችን ያስተማሩን ትክክል ነው፤ እኔም ከእንግዲህ ሳልጠይቅ አልጽፍም። ግን ያን ቀን ጠይቄ ቢሆን እማሆይ በሦስት ሽማግሎች ፊት ምን ይመልሱ እንደነበር፣ የጥዱ መዝጊያም ባይኖር ለአስተርጓሚው ምን አሳየው እንደነበር ሳስብ ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ስለዚህ ነው ክፍል ውስጥ የሳቅሁት፤ መምህሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ውሉ እንደ ጸና ነው። ለዕረፍት ቡሬ ስሄድ ከገዛ ቤታችን ደጅ ቆሜ «ቤቶች!» እላለሁ። መልሱ የሚመጣልኝ ከውስጥ ሳይሆን ከጎኔ፣ እማሆይ ከተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ነው።