ጥያቄውን ዘግቶ መልሱን የሚያሰማ ሹም

ዛሬ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ከአንድ የቀበሌ ሹም ጋር ተፋጠጥኩ።

ቴሌቪዥኑ የጠዋቱን የፓርላማ ክርክር በድጋሚ ያሳያል። የተቃዋሚው እንደራሴ ሊናገሩ ሲነሱ ሹሙ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን አጠፋ። ሚኒስትሩ ሲነሱ መልሶ ከፈተው።

(ሚኒስትሩ ማንም ሳይጠይቃቸው የሚመልሱ መሰሉ።)

«ልጄ፣ ጥያቄውን ያልሰማሁትን መልስ አላዳምጥም» አልኩት።

«አዮ፣ እናቴ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው። ደም ግፊትዎ ይነሳል።»

«ደም ግፊቴን ለሐኪሜ ተወው። አንተ ድምፁን ጨምር።»

አልጨመረም። እኔ ግን ክርክሩን ጠዋት በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ብድግ ብዬ የእንደራሴውን ጥያቄ ለቤቱ ሁሉ አሰማሁ፦ ገበሬው ከዘራ በኋላ ማዳበሪያ የሚያደርስ ፖሊሲ ለማን ተብሎ የወጣ ነው?

ዲጋ ወረዳ ያለው በቆሎዬ ዘንድሮ ቢጫ ሆኖ ቀርቷልና ጥያቄው የእኔም ነው።

ከጉቴ የመጣ አንድ ገበሬ «ዱጋ ነው አዮ፣ እውነት ነው! ይድገሙት!» አለ። ደገምኩት።

ሹሙ «ነገ የቀበሌው ስብሰባ ላይ እንነጋገራለን» ብሎኝ ወጣ። እሄዳለሁ፤ የምቀመጠውም ከፊት ነው።

እናንተስ እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥማችሁ ምን አላችሁ? ጻፉልኝ፤ ግን በእውነተኛ ስማችሁ።