የአለኸኝ ዋንጫ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም ስንቱን ስናዘዝ ይቺን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ለእናንተ መናገሩ ይቀለኛል።

በደርግ ጊዜ፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ሸሕዲ ላይ፣ በየዓመቱ ኮከብ ሯጭ ይሸለም ነበር። በዓመቱ ውድድሮች ብዙ ጊዜ ያሸነፈው ዋንጫና ቱታ ይቀበላል፤ ለክፍለ ሀገሩ ቡድንም ወደ ጎንደር ይላካል። ሁለት ዓመት ኮከቡ እኔ ነበርኩ። ልቤ አብጦ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አለኸኝ የሚባል የጎጃም ልጅ ታየ። ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እዚያው እርሻ ላይ ከርሞ ነበር። እሑድ እሑድ ከሠራተኞቹ ማደሪያ፣ ከካምቦው፣ እየመጣ ሮጠ፤ ቀደመኝ። ደግሞ ሮጠ፤ ደግሞ ቀደመኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ የሚውል ሰው እኔን እንዴት ይቀድመኛል? ሰዉም የእኔን ስም ትቶ የእሱን ያዘ። ቀናሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም፣ ቀናሁ። የባሰው ደግሞ እሱ ይወደኝ ነበር። ሮጠን ስንጨርስ ውሃውን መጀመሪያ ለእኔ ያቀብለኛል፤ “ወንድምዓለም፣ ያንተን አሯሯጥ አይቼ አይደል የተማርኩት” ይለኛል። እሱም ያበግነኝ ነበር።

የዚያ ዓመት ሽልማት አጨዳ መሐል ላይ ዋለ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ደርሶ ከዘገዩበት ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል፣ ስለዚህ ከእርሻ ሰው አይለቀቅም። ኮከብ መባሉን ነግሬ፣ ከአሠሪው አስፈቅጄ እንዳመጣው የውድድሩ አዘጋጆች እኔን ላኩኝ። ጓደኛው ነው ብለው ነው።

በትራክተር ተጎታች ተሳፍሬ ሄድኩ። የታጨደውን ነዶ እንዲደርቅ እርስ በርሱ አደጋግፎ ሂላ ሲያቆም አገኘሁት። ድንገት ከአፌ ወጣ ብል ውሸት ነው፤ መንገዱን ሁሉ ሳስብበት ነው የሄድኩት። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ “ሽልማት የሚሉት ማታለያ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሊያፍሷችሁ ነው፤ ስምህን ዝርዝሩ ላይ አይቼዋለሁ” አልኩት።

በዚያ ዘመን ይህን የማያምን ወጣት አልነበረም። ከገበያም ከስብሰባም እየታፈሰ የሚሄደውን ሁሉም አይቷል። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

“ማርያምን?” አለኝ።

“ማርያምን” አልኩት። ማልኩ። በእሷ ስም ማልኩ።

“እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም” አለ። ማጭዱን ነዶው ላይ ትቶ ትከሻዬን ሳመኝና “ነፍሴን አተረፍካት” አለኝ። ከዚያ በቁጥቋጦው አድርጎ ወደ ሱዳን ድንበር ሮጠ። እኔ ቆሜ ጀርባውን አየሁ። ብጠራው ይሰማኝ ነበር። አልጠራሁትም።

ለላኩኝ ሰዎች “ይደርሳል” ብያቸው ስለነበር፣ በሽልማቱ ቀን ስሙን ሦስት ጊዜ በማይክራፎን ጠሩት። ባለቤቱ ያልተገኘ ሽልማት ለሁለተኛው ይሰጥ ነበርና ተነሥቼ ዋንጫውን ተቀበልኩ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ሜዳ አንድም ሰው አልታፈሰም፤ ሁሉም በሰላም ቤቱ ገባ።

በዓመቱ ከአጨዳ ሠራተኞች ጋር አንዲት እናት ከጎጃም ወርደው፣ ቤቴን እየጠየቁ መጡ። የአለኸኝ እናት ነበሩ። ልጃቸው ሱዳን እንደገባ አንድ ጊዜ ብቻ መልእክት ልኮላቸዋል፤ እኔ እንዳዳንኩት የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ሯጭ መሆኔን ሰምተው፣ ጉልበት ይሰጣል ብለው፣ ያንን ሁሉ መንገድ በሶ ተሸክመውልኝ መጥተዋል። ከሁለቱ ዋንጫዎቼ ጎን የአለኸኝን ዋንጫ መደርደሪያው ላይ አዩት።

“ያንተ ነው?” አሉኝ።

“አዎ፣ እናቴ” አልኩ።

“እግርህን እንቅፋት አይንካው” ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

ያን ጊዜስ እውነቱን ከመናገር ምን ያዘኝ? ወጣት ነበርኩ እንዳልል፣ እሱም ወጣት ነበር። ዘመኑ ክፉ ነበር እንዳልል፣ ዘመኑ ያላደረሰበትን ያደረስኩበት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ፣ በቅናት። እሳቸው ከሄዱ በኋላ በሶውን በጥብጬ ጠጣሁት። ለሚቀጥለው ውድድር ልምምድ ላይ ነበርኩ።

ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እሳቸውን ነበር፤ መርቀውኝ ሄዱ። እናንተ እንኳ አትመርቁኝ።